ያሸነፈ ሁሉ ያስተምራልን?

በመሰናክል ሩጫ ስሙ የተጠራ ሰው መምህር ሲሆን፣ በሰውነቱ የያዘው ችሎታና ለሌላ ሰው የሚያስረክበው ዕውቀት ፊት ለፊት ይገናኛሉ። ሁለቱ አንድ ናቸው ወይስ የተለያዩ? ያሸነፈ ሰው ያሸነፈበትን መንገድ ያውቀዋል? ቢያውቀውስ ለሌላው የማሳየት ግዴታ አለበት? ጥያቄዎቹ ከስፖርት ሜዳ የተነሡ ቢመስሉም ፈላስፎችና የሃይማኖት መምህራን ከጥንት ጀምሮ የደከሙባቸው ናቸው። በምዕራብ ጎጃም፣ ጅጋን፣ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን ይዞ በተዘረጋው አገር፣ የአብነት ትምህርት ቤቱ ሥርዓት ለእነዚሁ ጥያቄዎች የራሱን መልስ ሲሰጥ ኖሯል። የሯጩን ሕይወት ከዚህ መልስ ጋር አቀራርቦ መመልከት ሁለቱንም ያብራራል።

በሐምሌ 1972 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1980) በሞስኮ ኦሎምፒክ የ3,000 ሜትር መሰናክል ፍጻሜ ታንዛኒያዊው ፊልበርት ባዪ በኃይለኛ ፍጥነት መራ። ፖላንዳዊው ብሮኒስላቭ ማሊኖቭስኪ በመጨረሻው ዙር ደርሶበት አለፈውና ወርቁን ወሰደ፤ ባዪ ሁለተኛ ሆነ። ሦስተኛው ኢትዮጵያዊው እሸቱ ቱራ ነበር፤ የገባበት ሰዓት 8፡13.57 ነው። ከዚያ ቀን በኋላ የሦስቱ መንገድ ተለያየ። ማሊኖቭስኪ በተከታዩ ዓመት በመኪና አደጋ ሞተ። ባዪ ከባለቤቱ ከአና ጋር ሆኖ በታንዛኒያ ትምህርት ቤቶችን አቋቋመ። እሸቱ ቱራም አሠልጣኝ ሆኖ በኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ውስጥ አገለገለ። ከአንድ የሽልማት መድረክ የወረዱ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ የትምህርት ቤት መሥራች፣ ሌላው አሠልጣኝ፣ ሁለቱም ወደ ማስተማር ዞሩ። እሸቱ የሚያውቀውን ያንኑ ሩጫ ሲያስተምር ባዪ ፊደልና ቁጥር የሚማሩበት ቤት ሠራ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

የእሸቱ ነሐስ በኢትዮጵያ ወንዶች የኦሎምፒክ መሰናክል ሩጫ ታሪክ ለብዙ ጊዜ ብቻውን ቆሞ ነበር። ለሜቻ ግርማ በቶኪዮ ኦሎምፒክ በ2013 ዓ.ም. ብር እስኪያገኝ ድረስ 41 ዓመት አለፈ። በሴቶች በኩል የወሎዋ የተንታ ልጅ ሶፊያ አሰፋ በ2004 ዓ.ም. በለንደን ሦስተኛ ሆና ከገባች በኋላ አሸናፊዋ በአበረታች መድኃኒት ምክንያት ውጤቷ ሲሰረዝ ወደ ሁለተኛ ከፍ ብላለች። በአምስት ሺህና በዐሥር ሺህ ሜትር ትውልድ ትውልድን ሲተካ በመሰናክል ይህን ያህል መዘግየቱ አንድ ነገር ያስረዳል። ድል ራሱን አያባዛም። በአገሩ አንድ ጀግና መኖሩ ሁለተኛውን አይወልድም፤ በመካከል የማስተማር ሥራ፣ ዕቃ፣ ሜዳና ትዕግሥት ያስፈልጋል።

ይህ ሩጫ ምን ዓይነት ዕውቀት እንደሚጠይቅ ማየት ይገባል። በ110 ሜትርና በ400 ሜትር ውድድር የሚታለፈው መሰናክል እግር ሲነካው ይወድቃል፤ ሯጩ ጊዜ ይከስራል እንጂ ብዙውን ጊዜ ሩጫውን ይቀጥላል። የ3,000 ሜትሩ መሰናክል ግን ከባድ አግዳሚ ነው፤ ቁመቱ ለወንዶች 91.4፣ ለሴቶች 76.2 ሴንቲ ሜትር ሲሆን የመታውን ሰው ይጥላል እንጂ እርሱ አይወድቅም። ሯጩ በአንድ ውድድር 28 ጊዜ ደረቁን መሰናክል፣ 7 ጊዜ ደግሞ ውኃ ያለበትን ያልፋል። በ400 ሜትር መሰናክል ሁሉም ነገር ሊቆጠር ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1987 ድረስ በ122 ተከታታይ ውድድሮች ያልተሸነፈው አሜሪካዊው ኤድዊን ሞሰስ በእያንዳንዱ መሰናክል መካከል 13 እርምጃ ይሮጥ ነበር፤ ይህንን መቁጠር ለሌላ ሰው መንገር ይቻላል። በ3,000 ሜትር ግን በሁለት መሰናክሎች መካከል ወደ 80 ሜትር የሚጠጋ ርቀት አለ፣ ፍጥነቱ ከዙር ዙር ይለዋወጣል፣ ሯጮች ተጠጋግተው ስለሚሮጡ መሰናክሉ እስኪደርሱበት ድረስ አይታይም። ሯጩ በቁጥር ሳይሆን በዓይኑና በእግሩ ይለካል። በየትኛው እግሩ እንደሚነሣ የሚወስነው ጥቂት እርምጃ ሲቀረው ነው፤ እንዴት እንደወሰነ ቢጠይቁትም ብዙ ጊዜ መልስ የለውም።

የሃንጋሪ ተወላጁ ፈላስፋ ማይክል ፖላኒ እ.ኤ.አ. በ1958 እና በ1966 ባሳተማቸው መጻሕፍት ያስተዋለው ይህንኑ ነው፤ ሰው ከሚናገረው በላይ ያውቃል። አማርኛ አፉን የፈታበት ሰው ግሥ ሳይሳሳት ያረባል፣ የሚረባበትን ሕግ ግን ካልተማረ አይናገርም፤ የሯጩም እግር እንዲሁ ነው። አርስጣጣሊስ ከዚህ ብዙ ቀደም ብሎ በሜታፊዚክስ መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ሁለት ነገር አስቀምጦ ነበር። አንደኛ፣ በሥራ ላይ ልምድ ያለው ሰው ንድፈ ሐሳብ ብቻ ከያዘው ይልቅ ይሳካለታል። ሁለተኛ፣ የማወቅ ምልክት ማስተማር መቻል ነው፤ ልምድ ብቻ ያለው ሰው ነገሩ እንደሚሆን እንጂ ለምን እንደሚሆን ስለማያውቅ ማስተማር አይችልም። ሁለቱን አንድ ላይ ያነበበ ሰው የሻምፒዮኑን ችግር በግልጽ ያገኘዋል። ሻምፒዮኑ የመጀመሪያው ሰው ነው፣ መምህር እንዲሆን ግን ሁለተኛውን መሆን ይጠበቅበታል።

ጀማሪ ወደ መሰናክል ሲሮጥ የሚያደርገው ነገር ሁልጊዜ አንድ ነው። ሲቃረብ እርምጃውን ያሳጥራል፣ ያመነታል፣ አንዳንዴም ቆሞ ይዘላል። ፍርሃት ነው። ፍርሃቱ ደግሞ ትክክል ነው፤ አግዳሚው አይወድቅምና። ከልጅነቱ ጀምሮ ሳይፈራ ያለፈ ሰው «አትፍራ፣ ዝለል» ከማለት በቀር የሚለው የለውም። የሚያስተምር ሰው ግን ዝላዩን ይበታትነዋል። መሰናክሉን ዝቅ ያደርጋል፤ ተማሪው በመጀመሪያ እየተራመደ፣ ቀጥሎ በዝግታ እየሮጠ፣ አንድ ጊዜ በቀኝ አንድ ጊዜ በግራ እግሩ እየቀደመ እንዲያልፍ ያደርጋል። ውኃውን የሚያስተምረው መጨረሻ ላይ ነው፤ እግር አግዳሚው ላይ አርፎ ወደ ፊት እንዲገፋና ሌላው እግር ውኃው ሊያልቅ ሲል እንዲያርፍ። መሰናክል በሌለበት የገጠር ትምህርት ቤት ዝቅ ያለ የባሕር ዛፍ አጣና ለዚህ ሥራ ይበቃል። መምህሩ እዚህ ላይ የሚያደርገው በራሱ ሰውነት ውስጥ አንድ ሆኖ የተዋሐደውን ነገር መልሶ መፈታታት ነው። ይህ ለሻምፒዮኑ ከባድ ነው፤ ያሸነፈው ነገሮቹ አንድ ስለሆኑለት ነበርና።

የኢትዮጵያ የሩጫ ትምህርት ታሪክም ወደዚሁ ያመለክታል። ንጉሤ ሮባ በ1956 እ.ኤ.አ. በሜልቦርን ኦሎምፒክ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሳተፍ በአጭር ርቀት ከተወዳደሩት አንዱ ነበር፤ ሜዳሊያ አላገኘም፤ በኋላ ግን የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ ሆነና ምሩፅ ይፍጠር በሞስኮ ሁለት ወርቅ ሲያገኝ ቡድኑን የመራው እርሱ ነው። ወልደመስቀል ኮስትሬ በሃንጋሪ የተማረ ምሁር ነበር፤ ከደራርቱና ከኃይሌ እስከ ቀነኒሳ ድረስ የዘለቀውን ዘመን ያሠለጠነው የኦሎምፒክ ሻምፒዮን ሆኖ ሳይሆን ሯጭን አጥንቶ ነው። በበቆጂ የደራርቱ ቱሉን፣ የቀነኒሳ በቀለንና የጥሩነሽ ዲባባን የልጅነት ሩጫ የቀረፀው ስንታየሁ እሸቱም የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበር። ሦስቱም ከአሸናፊው መድረክ የመጡ አይደሉም። ከዚህ ተነሥቶ ሻምፒዮን ማስተማር አይችልም ማለት ግን ስሕተት ይሆናል። ማስረጃው የሚለው ያነሰ ነገር ነው፤ መምህርነትን የሚሰጠው ድሉ አይደለም። ድሉ ያለው ሰው መምህር ከሆነ በሌላ ምክንያት ሆኗል፤ ያ ምክንያት ምን እንደሆነ መፈለግ ያስፈልጋል።

ለዚህ ፍለጋ የጎጃም የቅኔ ቤት ጥሩ መነሻ ነው። ቅኔ በዋሸራ፣ በጎንጅና በዋድላ መንገድ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ትምህርት ነው፤ ከሦስቱ ሁለቱ የጎጃም ናቸው። የደብረ ኤልያስና የዲማ ጊዮርጊስ ጉባኤያት ከመላ አገሪቱ ተማሪ ይስቡ ነበር። ከጅጋና ከፍኖተ ሰላም ገጠር የሚወጣ ልጅም አኮፋዳውን አንግቶ ወደ እነዚህ ጉባኤያት መሄዱ የቆየ ልማድ ነው። ተማሪው ግሥና አገባብ ይማራል፤ ከዚያም ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ፣ ካለው ከጉባኤ ቃና ይጀምርና በሦስት ቤቱ በዘአምላኪየ፣ በአምስት ቤቱ በዋዜማ፣ በስድስት ቤቱ በሥላሴ አድርጎ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ድረስ ይወጣል። በየቀኑ አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል። የትናንቱን ዛሬ መድገም አይቻልም፣ የሌላውን ሰው ቅኔ የራስ አድርጎ መናገርም ነውር ነው።

የመምህሩ ሥልጣን ከየት ይመጣል? በቅኔ ቤት አንድ ሰው መምህር የሚሆነው በውድድር አሸንፎ አይደለም። በመጀመሪያ ከበታቹ ያሉትን ያስነግራል፤ ማለትም ገና ራሱ ተማሪ ሳለ የጀማሪዎቹን ቅኔ ይሰማል፣ ስሕተታቸውን ያርማል። ዓመታት ካለፉ በኋላ የኔታ መርቀው ሲያሰናብቱት ጉባኤ ይዘረጋል። ማስተማርን የሚማረው እየተማረ ነው፣ ሁለቱ የሕይወቱ ክፍሎች አልተለያዩም። አትሌቲክስ ውስጥ ያለው ልማድ ተቃራኒው ነው። ሯጩ እስከ ሠላሳና ከዚያ በላይ ዓመቱ ድረስ ለራሱ ብቻ ይሮጣል፣ ጉልበቱ ሲያልቅ «አሁን አሠልጥን» ይባላል። የጀማሪን ስሕተት ሰምቶ የማረም ልምድ በሩጫ ዘመኑ ውስጥ አልነበረውም። የቅኔ ቤቱ ሥርዓት በዚህ ረገድ ከዘመናዊው የስፖርት አሠራር የተሻለ ጥበብ ይዟል፤ ይህን ለማለት ማመንታት አያስፈልግም።

ሌላም ልዩነት አለ፤ ይህኛው ሯጩን ያሳዝናል። የኔታ በሰማንያ ዓመታቸውም ቅኔ ይዘርፋሉ፤ ዓይናቸው የጠፋ ታላላቅ የቅኔ መምህራንም ነበሩ፣ ዕውቀታቸውም አልጎደለም። የሚያስተምሩትን ነገር ራሳቸው በተማሪው ፊት ያደርጉታል። የመሰናክል አሠልጣኙ ግን ማድረግ ያቃተውን ነገር ነው የሚያስተምረው። ጉልበቱ መሰናክሉን አያሻግረውም፣ ያለው ትዝታና ቃል ነው። ሙያው ከሌሎች ሙያዎች የሚለይበት ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ከራሱ ሰውነት ወጥቶ በሌላው ሰውነት ውስጥ ማየት አለበት። ይህንን የቻለ ሻምፒዮን ያስተምራል። ያልቻለው ስለ ራሱ ይተርካል።

ታዲያ ሻምፒዮኑ ለማስተማር የሚያመጣው ልዩ ነገር ምንድን ነው? የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ስለ ማኅሌታዊው ያሬድ የሚነግረው ታሪክ ወደ መልሱ ያቀርባል። ያሬድ በልጅነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ መምህሩ አባ ጌዴዎን ስለቀጡት ሸሽቶ ሄደ። ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንድ ትል ዛፉን ለመውጣት ደጋግሞ ሲወድቅና በመጨረሻ ሲወጣ አየ፤ ተመልሶም ተማረ፤ በኋላ የዜማው ሁሉ አባት ሆነ። ታሪኩ ለተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ጽናት ነው። ነገር ግን ሁለት የሚዘነጉ ነገሮች አሉት። አንደኛ፣ ያሬድ የተመለሰው ወደ መምህሩ ነው፤ ትሉ ብቻውን ወጣ፣ ልጁ ግን ብቻውን አልወጣም፤ የሚቀበለው ሰው ነበረ። ሁለተኛ፣ መምህር የሆነው ሰው ትምህርት ያልገባው ሰው ነበር። አለማወቅ ምን እንደሚመስል ከውስጥ ያውቀዋል።

ሻምፒዮኑ ሊያመጣው የሚችለው ልዩ ነገርም ይኸው ነው፤ መቻሉ ሳይሆን አለመቻሉን ማስታወሱ። ማንኛውም ሻምፒዮን አንድ ወቅት በመጀመሪያው መሰናክል ፊት እርምጃውን ያሳጠረ ልጅ ነበር። ድሉ ግን ያንን ልጅ ያስረሳል። ዝናው፣ ሽልማቱ፣ የሕዝቡ እልልታ ሁሉ አሸናፊው ከመጀመሪያው አሸናፊ እንደነበረ አድርገው ይነግሩታል። የመምህርነት መንፈሳዊ ፈተና እዚህ አለ። በክርስትናው ትምህርት መምህሩ ዝቅ ብሎ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጥቧል፤ በየዓመቱ በጸሎተ ሐሙስ በጅጋም ሆነ በቡሬ አብያተ ክርስቲያናት ካህናቱ ዝቅ ብለው የምእመናኑን እግር የሚያጥቡት ለዚህ መታሰቢያ ነው። ይህ ሥርዓት ለመምህርነት የሚሰጠው ትርጉም አለ፤ ማስተማር ከፍ ካለ ቦታ ቃል መወርወር ሳይሆን ተማሪው ወዳለበት መውረድ ነው። ከኦሎምፒክ መድረክ የወረደ ሰው ከብዙዎች ይልቅ ረጅም መውረድ አለበት።

ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው መልእክት ሯጮችን ምሳሌ ሲያደርግ የጨረሰው በድል ሳይሆን በስጋት ነው። ለሌሎች ካስተማረ በኋላ ራሱ እንዳይጣል ሰውነቱን እንደሚገዛ ይናገራል። እርሱ የፈራው አስተምሮ መውደቅን ነው፤ የሻምፒዮኑ ስጋት ደግሞ አሸንፎ አለማስተማር ሊሆን ይገባል። ስለ መክሊት የሚናገረው የወንጌል ምሳሌም አንድ መክሊቱን በመሬት የቀበረውን አገልጋይ የወቀሰው ስለጠፋበት ሳይሆን ስላላሠራበት ነው። በዚህ አስተሳሰብ ችሎታ ጸጋ ነው፤ ጸጋ ደግሞ ለባለቤቱ ብቻ አይሰጥም። ሯጩን ያሳደገው ገበሬ፣ ጫማ የገዛለት ወንድም፣ ያሠለጠነው መምህር፣ የቀጠረው ክለብ በድሉ ውስጥ ድርሻ አላቸው። ዕዳው ግን በማስተማር ብቻ ይከፈላል ማለት አይደለም። ለማስተማር ያልተፈጠረ ሰው በግዴታ ልጆች ፊት ቢቆም ልጆቹን ይጎዳል፤ በሌላ መንገድ ቢከፍል ይሻላል።

የኬንያው ኪፕቾጌ ኬይኖ የከፈለበት መንገድ ለዚህ ምስክር ነው። ኬይኖ በ1968 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ በ1,500 ሜትር አሸነፈ። በ1972 በሙኒክ በ3,000 ሜትር መሰናክል ሲወዳደር በዚያ ውድድር ብዙ ልምድ አልነበረውም፣ አዘላለሉም ያልተገራ ነበር፤ ይሁንና በ8፡23.64 ወርቁን ወሰደ። የመሰናክል ጥበብን ለማስተማር ምናልባት ከሻምፒዮኖች ሁሉ የመጨረሻው ምርጫ እርሱ ነው። እርሱ ግን ከባለቤቱ ከፊሊስ ጋር በኤልዶሬት ወላጅ የሌላቸውን ልጆች ሰብስቦ አሳደገ፣ በ1999 የመጀመሪያ ደረጃ፣ በ2009 ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከፈተ። በ2016 በሪዮ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠውን የኦሎምፒክ ሎሬል ሽልማት የተቀበለውም ለዚህ ሥራ ነበር። ኬይኖ ዝላዩን አላስተማረም፤ ልጅ የሚማርበትን ቤት ሠራ፣ መምህራንን ቀጠረ፣ ልጆቹንም መገበ። ትምህርት ያለ እነዚህ ነገሮች የለም።

በሌላ በኩል እንግሊዛዊው ዴቪድ ሄመሪ የራሱን ዕውቀት ራሱ ፈታትቶ ለማየት ከሞከሩት ሻምፒዮኖች አንዱ ነው። በ1968 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ የ400 ሜትር መሰናክልን በ48.12 ሰከንድ በዓለም ክብረ ወሰን አሸነፈ፤ ከአራት ዓመት በኋላ በሙኒክ፣ የኡጋንዳው ጆን አኪ ቡዋ በ47.82 አዲስ ክብረ ወሰን ባስመዘገበበት ውድድር፣ ሦስተኛ ሆነ። ከዚያ በመምህርነትና በአሠልጣኝነት ሠራ፣ የትምህርት ጥናቱንም ገፋበት። ከ60 የሚበልጡ ታላላቅ ስፖርተኞችን አነጋግሮ መጽሐፍ ጻፈ፤ የራሱን ድል እንደ ሕግ አድርጎ ከማስተማር ይልቅ የሌሎቹን ጠየቀ። በማሠልጠን ረገድ የተከተለው መንገድም መጠየቅ ነበር፤ «እንዲህ አድርግ» ከማለት ይልቅ «ስትነሣ ምን ተሰማህ?» ብሎ ሯጩ የራሱን ሰውነት እንዲያስተውል ማድረግ። የየኔታ ጥያቄ ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ተማሪው የተሳሳተውን ቤት ወዲያው ከማረም ይልቅ እስኪያገኘው መልሶ የሚልከው መምህር አለ።

ሰው ሞቶ ስሙ ቢረሳም የሚቀር ትምህርትም አለ። አሜሪካዊው አልቪን ክሬንዝላይን በ1900 እ.ኤ.አ. በፓሪስ አራት ወርቅ ሲያገኝ፣ መሰናክሉን ሰውነት ሰብስቦ ከመዝለል ይልቅ የፊተኛውን እግር ቀጥ አድርጎ ሩጫውን ሳያቋርጡ ማለፍን አስፋፋ። በኋላ በዩኒቨርሲቲ አሠልጥኗል፣ ጀርመንም ለ1916ቱ ኦሎምፒክ እንዲያዘጋጅላት ቀጥራው ነበር፤ ውድድሩ በጦርነቱ ምክንያት ቀረ። ዛሬ መሰናክል የሚያልፍ ልጅ ሁሉ ስሙን ሳይሰማ የእርሱ ተማሪ ነው።

የሻምፒዮን መምህር ትልቁ አደጋ ግን የቴክኒክ አይደለም። ሜኖን በተባለው የአፍላጦን ድርሰት ሶቅራጥስ የአቴናውን ታላቅ መሪ ቴሚስቶክሊስን ሲያነሣ ይታያል። ቴሚስቶክሊስ ልጁን ፈረስ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ጦር እስከ መወርወር ድረስ አስተማረው፤ የራሱን ደግነትና ብልኅነት ግን ሊያስተምረው አልቻለም። እንግዲህ የሚተላለፈው ችሎታ ነው፣ የሰውየው ማንነት አይደለም። ይህን ያልተረዳ ሻምፒዮን ተማሪውን ዳግመኛ ራሱን ለማድረግ ይሞክራል። ያላገኘውን ወርቅ በልጁ እግር ይፈልጋል፤ ልጁ ሲሸነፍ ራሱ የተሸነፈ ይመስለዋል። እንዲህ ያለው መምህር ሁለተኛ ሩጫ እየሮጠ ነው፣ ተማሪው ደግሞ መሣሪያ ሆኗል። ሰውን እንደ መሣሪያ ብቻ መጠቀም እንደማይገባ ፈላስፋው ካንት በአእምሮ ሕግ፣ ሃይማኖቱ ደግሞ ሰው በእግዚአብሔር አርአያ መፈጠሩን በማመን ይከለክላሉ። ልጆች ከትምህርት ገበታ ወጥተው ለሩጫ ብቻ ሲታጨዱ ማየት በኢትዮጵያ አዲስ ነገር ስላልሆነ፣ ይህ ጉዳይ በጽሑፍ ላይ የሚቀር ክርክር አይደለም።

ጉዳዩ ይበልጥ የሚከብደው ውድቀት ሲመጣ ነው። ለሜቻ ግርማ በሰኔ 2015 ዓ.ም. በፓሪስ በ7፡52.11 የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። በቀጣዩ ዓመት ነሐሴ 1 ቀን፣ በዚያው ከተማ በኦሎምፒኩ ፍጻሜ፣ በመጨረሻው ዙር መሰናክል አሰናክሎት ወድቆ ራሱን ተመታ፣ በቃሬዛም ወደ ሆስፒታል ተወሰደ። ለእንዲህ ያለ ውድቀት የትሉ ታሪክ ብቻውን አይበቃም። መውደቅ ሁሉ ትምህርት ነው ማለት የወደቀውን ሰው አለማየት ይሆናል፤ ከውድቀት አንዳንዱ ጉዳት ብቻ ነው፣ ጉዳት ደግሞ መታከም አለበት። መሰናክል ሮጦ የሚያውቅ መምህር ከሌሎች የሚበልጥበት ቦታ ምናልባት ይህ ነው። እንደገና ወደዚያ አግዳሚ መቅረብ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ መቼ ዝም እንደሚባል፣ መቼ ዝቅ ካለ መሰናክል እንደሚጀመርም ያውቃል። ያሬድን የተቀበሉት አባ ጌዴዎን በትውፊቱ የሚወሱት ስለቀጡት ሳይሆን ሲመለስ ስለተቀበሉትና ስለጸለዩለት ነው።

ይህ ሁሉ ለምዕራብ ጎጃም ምን ያህል እንደሚቀርብ ቦታው ራሱ ይመልሳል። ከፍታው ለሩጫ ይስማማል፤ ልጆቹ ከገጠር ቀበሌ ወደ ጅጋ፣ ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ ቡሬ ትምህርት ቤቶች ረጅም መንገድ በእግራቸው ይሄዳሉ። ጎጃም ሕይወት አያሌውን የመሰለች መሰናክል ሯጭ፣ እኅቷን ውዴን የመሰለች የረጅም ርቀት ሯጭ አፍርቷል። በፍኖተ ሰላም የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አለ። ከዚህ አገር ወጥቶ በመከላከያ ወይም በንግድ ባንክ ክለብ የሚሮጥ ወጣት ዘመኑ ሲያልፍ አገሩ ተመልሶ ለማስተማር ቢፈልግ፣ የሚያግደው ብዙ ጊዜ የችሎታ ማነስ ሳይሆን ከሰባተኛ ወይም ከስምንተኛ ክፍል የተቋረጠ ትምህርት ነው። ኮሌጅ የሚገባበት የምስክር ወረቀት የለውም። ልጅ በየትኛው ዕድሜ ምን ያህል መጫን እንደሚችል፣ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት እንዴት እንደሚያድጉ፣ አንድን እንቅስቃሴ እንዴት ከፋፍሎ ማስተማር እንደሚቻል አልተማረም።

ስለዚህ የሯጩ መምህርነት የሚጀመረው ሩጫው ሲያበቃ ሳይሆን ገና ሲሮጥ ነው። ክለቡ ከልምምድ ሰዓት ውጭ ትምህርቱን እንዲቀጥል ካደረገው፣ በሳምንት አንድ ቀን ታዳጊዎችን እንዲያሠለጥንና ስሕተታቸውን እንዲያርም ካስለመደው፣ የቅኔ ቤቱ ተማሪ ከበታቹ ያለውን እያስነገረ የሚያድግበትን መንገድ በአትሌቲክስ ውስጥ ሠራ ማለት ነው። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው የአሠልጣኙን ፈቃድ፣ የትምህርት ቤቱን ትብብርና ሯጩ በሃያ ዓመቱ ከራሱ ሰዓት ሌላ የሚያየው ልጅ እንዲኖረው ማድረግ ነው።